የሮሪ ጋላገርን ጊታር ያዩ ሰዎችን ትዝታ እንዴት ሰበሰብኩ

በጥቅምት 2024 ለንደን ውስጥ በተካሄደ ጨረታ፣ ቀለሙ ከሞላ ጎደል ተልጦ ያለቀ አንድ የኤሌክትሪክ ጊታር የአጫራቹን ክፍያ ጨምሮ በ889,400 ፓውንድ ተሸጠ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ባለቤቱ የነበረው አየርላንዳዊው የብሉዝ ሮክ ጊታር ተጫዋች ሮሪ ጋላገር ካረፈ ያን ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አልፎት ነበር። ጊታሩ ሊሸጥ ነው የሚለው ዜና ከተሰማ ጀምሮ እኔ በምኖርባት በአየርላንዷ ኮርክ ከተማ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እሱ ነበር። ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ ገበያ ውስጥ ሲገናኙ፣ መቼና የት እንዳዩት ይነጋገራሉ። እነዚህ ሰዎች የሚያወሩትን ማንም እየመዘገበው እንዳልሆነ ሲገባኝ የድምፅ መቅጃ ገዛሁ።

ሮሪን ለማታውቁት ባጭሩ ልናገር። በመጋቢት 1948 ዶኒጎል በሚባለው ግዛት ባሊሻነን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ፤ ያደገው በደሪ፣ በኋላም በኮርክ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በየአዳራሹ ለዳንስ ከሚጫወቱ ባንዶች ጋር መዞር ጀመረ። በ1966 ቴስት የተባለውን ቡድን አቋቋመ፤ ቡድኑ በ1970 አይል ኦፍ ዋይት በምትባል የእንግሊዝ ደሴት በተደረገ ትልቅ የሙዚቃ ድግስ ላይ ተጫውቶ በዚያው ዓመት መጨረሻ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ በራሱ ስም እስከ 1995 ድረስ ተጫወተ። የሚለብሰው ባለካሬ ሸሚዝና ጂንስ ነበር፤ አዳራሹን የሚሞላው አድናቂም እንደ እሱ ለብሶ ይመጣል። ዝና ያስገኘው ያለማቋረጥ ከከተማ ከተማ እየዞረ በሰው ፊት መጫወቱ ነው። ስለዚህም ትዝታው በብዙ ሺህ ሰዎች ዘንድ ተበታትኖ ይገኛል።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። «ሮሪ እንዴት ያለ ሰው ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ትሑት፣ ዓይን አፋር፣ መድረክ ላይ ግን እሳት። ሁሉም እውነት ነው፤ ነገር ግን ጋዜጦች ለሃምሳ ዓመት የጻፉትም ይኸው ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ከጊታሩ ጀመርኩ። የጊታሩን ትልቅ ባለ ቀለም ፎቶ አሳትሜ፣ ከሰውየው ወይም ከሴትዮዋ ጋር ስቀመጥ መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ የማስቀምጠው እሱን ሆነ። ከዚያ ዝም እላለሁ። ጣታቸው ራሱ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፤ ወሬውም ከዚያ ይጀምራል።

አንድ አዛውንት ጣታቸውን ያሳረፉት ቀኝ ክንዱ በሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ነበር። እዚያ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ እንጨቱ ጠቁሯል። ከመድረኩ ሥር ቆመው የሮሪ ላብ ከክርኑ ወደ ጊታሩ ሲንጠባጠብ እንዳዩ፣ ጠብታው በመብራቱ ውስጥ ሲያልፍ እንደሚያብረቀርቅ ነገሩኝ። ከዚህ በኋላ ከማን ጋር እንደሄዱ፣ የመግቢያውን ገንዘብ ከየት እንዳገኙ፣ ሲመለሱ አባታቸው በር ላይ ቆመው ምን እንዳሏቸው ሳልጠይቃቸው ተረኩልኝ። ስለ ሮሪ ጠባይ ብጠይቃቸው ኖሮ ይህን ሁሉ የማገኝ አይመስለኝም።

ቀለሙን በተመለከተ ብዙ ስለሚወራ የተረጋገጠውን ላስቀምጥ። ጊታሩ ፌንደር የተባለው ኩባንያ በ1961 የሠራው፣ ስትራቶካስተር የሚባል ዓይነት ሲሆን የተከታታይ ቁጥሩ 64351 ነው፤ ይህን ቁጥር በቃላቸው የሚያውቁ ሰዎች አጋጥመውኛል። አዲስ በነበረበት ጊዜ ዳሩ ጠቆር ያለ፣ ወደ መሃሉ ቢጫ እየሆነ የሚሄድ ቀለም ነበረው። ሮሪ በ1963 ኮርክ ከሚገኘው ክራውሊ የሙዚቃ መሣሪያዎች መደብር ከመቶ ፓውንድ ትንሽ በሚያንስ ዋጋ በዱቤ ገዛው። ያን ጊዜ ዕድሜው አሥራ አምስት ነበር። ከእሱ በፊት ጊታሩን ያዘዘው ሮያል ሾውባንድ የተባለው የዳንስ ባንድ ጊታር ተጫዋች ጂም ኮንሎን ነው፤ እሱ የፈለገው ቀይ ስለነበር ይህኛው ለሽያጭ ቀረበ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጊታሩ ደብሊን ውስጥ ተሰረቀ፤ ከቀናት በኋላም ዝናብ ሲወርድበት ከቆየ ጉድጓድ ውስጥ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ላይሸጠው፣ ቀለምም ላያስቀባው ምሎ እንደነበር ሮሪ ራሱ ተናግሯል። ዝናቡ የጀመረውን ላቡ ጨረሰው። አንገቱም በላብ ርሶ ስለጎበጠ ለተወሰነ ጊዜ ተነቅሎ በሌላ ተተክቶ ነበር፤ እንጨቱ ደርቆ ሲቃና ወደ ቦታው ተመለሰ። ስድስቱ የክር መቃኛዎች እንኳን አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የተበላሸው በተገኘው እየተተካ የሄደ የሥራ ዕቃ ነው።

ይህን ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚጠቅመው ሰውን ለማረም አይደለም። የሚያወራው ሰው ሲሳሳት ካቋረጣችሁት ቀጥሎ የሚነግራችሁ በጥንቃቄ የተመረጠና የደረቀ ይሆናል። እኔ የማደርገው ሌላ ነው፦ የተነገረኝን እንዳለ እጽፋለሁ፤ ከጎኑ በሌላ ዓምድ ከቀኖች፣ ከፎቶዎችና ከተቀዱ ኮንሰርቶች የተረጋገጠውን አሰፍራለሁ። ሁለቱ ዓምዶች ሲለያዩ ትዝታውን አልጥለውም። አንድ ሰው ሁለት የተለያዩ ኮንሰርቶችን በአንድ ሌሊት አዋሕደው ሲያወሩ፣ ስለ ኮንሰርቱ ቀን ብዙ ባይነግሩኝም ሁለቱም ሌሊቶች በሕይወታቸው ውስጥ ምን ያህል ተቀራራቢ ቦታ እንደያዙ ይነግሩኛል።

ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ታሪክ የጂሚ ሄንድሪክስ ነው። ጋዜጠኛ «የዓለም ምርጥ ጊታር ተጫዋች መሆን ምን ይመስላል?» ብሎ ሲጠይቀው ሄንድሪክስ «እሱን ሮሪ ጋላገርን ጠይቁት» ብሏል ይባላል። ላነጋግረው ከተቀመጥኩት ሰው አብዛኛው፣ ዓይኑ በኩራት እያበራ፣ ይህን ነግሮኛል። ሄንድሪክስ እንዲህ ማለቱን የሚያሳይ ቅጂም ሆነ የጊዜው ጽሑፍ የለም፤ ይኸው ወሬ በሌሎች ጊታር ተጫዋቾች ስምም ይነገራል። ከስብስቤ አላወጣሁትም፤ ግን «የአድናቂዎች አፈ ታሪክ» በሚል ርዕስ ለብቻው አስቀመጥኩት። ሮሪ እንዲህ ያለ የተዋሰው ምስክርነት አያስፈልገውም የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። እውነተኛው ምስክርነት ይበልጣል፦ ኩዊን የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ጊታር ተጫዋች ብራያን ሜይ ገና ወጣት ሳለ ለንደን ማርኪ ክለብ ውስጥ ከትዕይንቱ በኋላ ቀርቶ ያን ድምፅ እንዴት እንደሚያወጣው ሮሪን ጠይቆታል። ሮሪም ምንም ሳይደብቅ ቮክስ ኤሲ 30 አምፕሊፋየርና የላይኛውን ድምፅ የምታጎላ አንዲት ትንሽ ሳጥን መሆናቸውን ነገረው። ሜይም ሄዶ ያንኑ ገዛ። ይህን ሜይ ራሱ ደጋግሞ ያወራዋል። አንድ ባለሙያ የድምፁን ምሥጢር ለማያውቀው ወጣት በነፃ ሲሰጥ ከማየት የሚበልጥ ምን ሙገሳ አለ?

ሥራው እጅግ የከበደኝ፣ እጅግም ያረካኝ የቤልፋስት ሰዎችን ሳነጋግር ነው። በ1970ዎቹ ሰሜን አየርላንድ ካቶሊኮችንና ፕሮቴስታንቶችን በከፈለ ግጭት፣ በቦምብና በተኩስ ትታመስ ነበር፤ ከውጭ የሚመጡ ባንዶች ከተማዋን መርገጥ ትተው ነበር። ሮሪ ግን እየመጣ አልስተር ሆል በተባለው የከተማዋ አዳራሽ ይጫወታል። በ1973 መጨረሻና በ1974 መጀመሪያ ባደረገው የአየርላንድ ጉዞ ቤልፋስትን፣ ደብሊንንና ኮርክን በእኩል አስተናግዷል፤ ጉዞው በአልበምም በፊልምም ተቀርጾ ቀርቷል። በሐምሌ 1975 ማያሚ ሾውባንድ ከተባለው ቡድን ሦስት አባላት ከሥራቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ ተገደሉ። ሙዚቀኛ መሆን እንኳን ከሞት አያድንም ማለት ነው። ሮሪ ከዚያም በኋላ አልቀረም።

ቤልፋስት ውስጥ ፎቶውን ስዘረጋ ጣቶች ወደ ቀለሙ ቶሎ አይሄዱም። የሚያወሩት ስለ መንገዱ ነው፦ በየት በኩል እንደሄዱ፣ የትኛው ሰፈር እንደሚያስፈራ፣ ወታደሮች የት እንደፈተሿቸው። አንዲት እናት ሲነግሩኝ፣ አዳራሹ ውስጥ አጠገባቸው የቆመው ወጣት ካቶሊክ ይሁን ፕሮቴስታንት አለማወቃቸውን፣ ለማወቅም አለመፈለጋቸውን በረጅሙ ተነፈሱና ደገሙት። እዚህ ጋ የተማርኩትን ለሌላው ጠያቂ ባስተላልፍ ደስ ይለኛል። የሃይማኖትና የፖለቲካ ጥያቄ በቀጥታ አይጠየቅም፤ «እንዴት ሄዱ? እንዴት ተመለሱ?» ማለት ይበቃል። የሚናገር ይናገራል፤ የማይፈልግም በክብር ዝም የማለት ዕድል ያገኛል። በጥር 2025 በአልስተር ሆል አጠገብ የሮሪ ሐውልት ሲቆም፣ ካነጋገርኳቸው ሰዎች ጥቂቱ እዚያ እንደነበሩ ደውለው አበሰሩኝ።

ሌሎቹ ጊታሮችስ? እነሱን የሚያስታውሱት ራሳቸው ጊታር የሚነኩ ሰዎች ናቸው። ነጩን ቴሌካስተር፣ የ1930ዎቹን የብረት ናሽናል፣ ማርቲን አኩስቲኩንና ማንዶሊኑን እየለዩ ያነሳሉ። ጣቱ ላይ ባጠለቀው ቱቦ ክሩን እያንሸራተተ ሲጫወት የሚወጣውን ድምፅ በአፋቸው ሊያሰሙኝ ይሞክራሉ፤ ቅጂዎቼ ውስጥ ከምወዳቸው ጊዜያት አንዱ ይኸው ነው። ጊታር የማይጫወቱት ግን አንዱን ስትራቶካስተር ብቻ ነው የሚያውቁት። የማንዶሊኑ ትዝታ ያላቸው ሴቶች እንደሚበዙ አስተውያለሁ፤ ምክንያቱን አልገምትም፤ ብቻ ወንዶችን ብቻ ያነጋገረ ሰው የሮሪን ግማሽ ያጣል።

ስለ መጨረሻዎቹ ዓመታት መጠየቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሮሪ ታሞ፣ ሰውነቱ አብጦ መድረክ ላይ ያዩት ሰዎች አሉ። የመጨረሻ ኮንሰርቱ በጥር 1995 በሆላንድ ሮተርዳም ነበር። ለንደን ውስጥ የጉበት ንቅለ ተከላ ተደርጎለት በኢንፌክሽን ምክንያት ሰኔ 14 ቀን 1995 በ47 ዓመቱ አረፈ፤ የተቀበረው ከኮርክ አጠገብ ባሊንኮሊግ ነው። በቀብሩ ዕለት መንገድ ዳር ቆመው የነበሩ ሰዎች ታሪኩ እዚህ ሲደርስ ድምፃቸው ይሰበራል። እኔ ከመጀመሪያው «መቅጃውን በፈለጉ ጊዜ አጠፋዋለሁ» ብዬ እጀምራለሁ፤ እዚህ ቦታ ላይ ደግሞ ሳይጠይቁኝ እጄን ወደ መቅጃው እዘረጋለሁ። አብዛኞቹ «ተወው፣ ይቀረጽ» ይላሉ። ያልፈለጉት ደግሞ የነገሩኝ ከእኔ ጋር ይቀራል።

በጨረታው ላይ አድናቂዎቹ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ጊታር ለመጫወት እንጂ በመስተዋት ውስጥ ለመቀመጥ አልተሠራም የሚሉ አሉ። ለአንድ ሀብታም ሳሎን ይሸጣል ብለው ሌሊት እንቅልፍ ያጡም ነበሩ። የገዛው አየርላንዳዊ የኮንሰርት አዘጋጅ ድርጅት ለአየርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም እንደሚሰጠው ሲገለጽ ብዙዎቹ እፎይ አሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። በዱቤ የተገዛ፣ የተሰረቀ፣ በዝናብ የራሰ ጊታር ያለ ትኬት ሕዝብ በሚገባበት ቤት መቀመጡ ትክክል ነው።

ለሚነግረኝ ሰው ሁሉ ቅጂውንና ጽሑፉን መልሼ እሰጣለሁ፤ ቤተሰብ እንዲሰማው። ስማቸውን ያለ ፈቃዳቸው አልጽፍም። ቅጂዎቹን ከአንድ ቦታ በላይ አስቀምጫለሁ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የተወራበትን ኮንሰርት ወዲያው ካልጻፍኩ ከወር በኋላ ማን ስለ የትኛው ሌሊት እንዳወራ መለየት ይቸግራል። ቀጥዬ የምሄደው ባሊሻነን ውስጥ በየዓመቱ በእሱ ስም ወደሚደረገው ፌስቲቫል ነው፤ ከጀርመንና ከሌላው አውሮፓ ብዙ ሰው ይመጣል። እዚያ ከሁሉ በላይ ማግኘት የምፈልገው አምፕሊፋየሮቹን ተሸክመው ደረጃ ሲወጡ የነበሩትን ሠራተኞች ነው። ጊታሩ ከመድረክ ወርዶ ወደ ሳጥኑ ሲገባ ምን ያህል ርሶ እንደነበር የዳሰሱት እነሱ ናቸው።