ለልጄ ፕሌይስቴሽን ለመግዛት ያወጣሁት ሒሳብ

በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ መኖር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። የምተዳደረው በየቤታቸው ያሉ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ነው፤ በሰዓት 19 ዶላር ይከፈለኛል፤ ልጄንም የማሳድገው ብቻዬን ነው። ይህን የምጽፈው፣ ለእኔ ቢጤ ወላጅ የጌም መጫወቻ መግዛትና አለመግዛት ቀላል ጉዳይ እንዳልሆነ ስለማውቅና እኔ ለመወሰን አራት ወር ያህል የፈጀብኝን ነገር ሌላው ሰው ባነሰ ድካም እንዲጨርሰው ስለምፈልግ ነው። ወሮቹንና ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በሐምሌ 2025፣ በትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅት፣ የ13 ዓመቱ ልጄ ፕሌይስቴሽን 5 እንድገዛለት ጠየቀኝ። ቤታችን ውስጥ የነበረው ፕሌይስቴሽን 4 ሲሆን፣ በ2019 ቤት ከሚለቅ ጎረቤታችን ከሁለት ጆይስቲክ ጋር በ150 ዶላር የገዛሁት ነው። ይህ ዓይነቱ መጫወቻ መጀመሪያ ገበያ ላይ የወጣው በኅዳር 2013፣ በ399 ዶላር ስለነበር፣ እኛ እጅ ሲገባም አዲስ አልነበረም። ሆኖም ስድስት ዓመት አገልግሎናል። በመጨረሻው ዓመት ግን የማቀዝቀዣው ድምፅ እየበረታ ሄዶ፣ የሌሊት ተረኛ ሆኜ አድሬ ቀን ስተኛ ግድግዳ አልፎ ይቀሰቅሰኝ ጀመር።

እኔ ባደግሁበት በደብረ ብርሃን የሚሠራ ዕቃ አይጣልም። ስለዚህ የልጄን ጥያቄ ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት ማስጠገንን ነበር። ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ የሀገራችን ልጅ ቤት ድረስ መጥቶ ማሽኑን ፈታው። ውስጡ የተጠራቀመው አቧራ እንደ ጥጥ ተጋግሮ ነበር። እሱን አጸዳ፤ በዋናው ፕሮሰሰርና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውንም ቅባት፣ ደርቆ ስለነበር፣ ቀየረው። 40 ዶላር ከፈልኩት። ሲከፍተው ድምፁ ከሹክሹክታ አይበልጥም ነበር፤ እኔም ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ደስ አለኝ። ጠጋኙ ዕቃውን እየሰበሰበ፣ «እትዬ፣ ማሽኑ ገና ይሠራል፤ ነገር ግን ልጁ የጠየቀዎት ስለ ድምፁ አይመስለኝም» አለኝ።

በዚያው ምሽት ከልጄ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ምን እንደጎደለው በዝርዝር እንዲያስረዳኝ ጠየቅሁት። ከዚያ በፊት እንዲህ አድርጌ ጠይቄው ስለማላውቅ አዝናለሁ። ልጄ ከሁሉ የሚወደው ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የተባለውን የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ጨዋታው ለፕሌይስቴሽን 4ም ለ5ም በአንድ ስም ይሸጣል፤ ነገር ግን በኢንተርኔት የሚገናኙት የየትውልዱ ማሽኖች እርስ በርሳቸው ብቻ ነው፤ በ4 የሚጫወት ልጅ በ5 ከሚጫወት ጓደኛው ጋር ሊጋጠም አይችልም። ፎርትናይትን በመሰሉ ሌሎች ጨዋታዎች አሮጌውና አዲሱ ያለ ችግር ይገናኛሉ፤ እዚህ ላይ ግን አጥር አለ። ሁለቱ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቹና ከኤል ሳልቫዶር ወላጆች የተወለደው የክፍል ጓደኛው ተራ በተራ ወደ አዲሱ ሲዛወሩ፣ የእኔ ልጅ ወራት ሙሉ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሲጫወት ኖሯል። «እማዬ፣ ጨዋታው አንድ ነው፤ እኛ ግን አንገናኝም» አለኝ። ከወዳጅ መነጠል ምን እንደሆነ ለእኔ ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም። ከዚያች ምሽት በኋላ የማስበው መግዛት አለመግዛቴን ሳይሆን፣ እንዴትና መቼ እንደምገዛ ብቻ ሆነ።

በዚያን ጊዜ ዲስክ የሚያስገባው ፕሌይስቴሽን 5 የሚሸጠው በ499.99 ዶላር ነበር። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሲቆይ ይረክሳል ብዬ ስለማምን ትንሽ ልታገሥ አልኩ። እምነቴ መሠረት አልባ አልነበረም፤ ፕሌይስቴሽን 4 በ2016 ቀጠን ብሎ ሲወጣ ዋጋው ወደ 299 ዶላር ወርዶ ነበር። የአሁኑ ግን በተቃራኒው ሄደ፤ በኅዳር 2020 በ499 ዶላር የጀመረው መጫወቻ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ ነሐሴ 21 ቀን 2025፣ አሜሪካ ውስጥ 549.99 ዶላር ገባ። የሜሪላንድ የ6 በመቶ የሽያጭ ታክስ ሲጨመርበት 583 ዶላር ይሆናል፤ በእኔ ደመወዝ፣ የገቢ ግብር ሳይነሳለት እንኳ፣ ከ30 ሰዓት በላይ የሚሠራበት ገንዘብ ነው። ዜናውን የነገረኝ ልጄ ሲሆን፣ ሲነግረኝ ሊወቅሰኝ አልሞከረም፤ ይህም ይበልጥ አሳዘነኝ።

ከዚያ በኋላ አማራጮቹን አንድ በአንድ መመርመር ጀመርኩ። መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው ዲስክ የማያስገባው ዓይነት ነበር፤ 50 ዶላር ይቀንስ ነበር። ቤታችን ውስጥ ግን 11 የፕሌይስቴሽን 4 ዲስኮች አሉ። አዲሱ ማሽን ከጥቂቶቹ በቀር የአሮጌውን ጨዋታዎች ሁሉ የሚያጫውት ቢሆንም፣ ዲስክ ማስገቢያ ከሌለው እነዚያ 11 ዲስኮች ለእሱ ባዶ ፕላስቲክ ናቸው። ማስገቢያውን በኋላ ለብቻው መግዛት ይቻላል፤ ዋጋው ግን በዚያን ጊዜ 80 ዶላር ያህል ነበር። ዛሬ 50 አትርፎ ነገ 80 ማውጣት ደግሞ ትርፍ አይባልም። በዚያ ላይ ዲስክ ከጓደኛ ይዋሳሉ፤ ያገለገለውን በርካሽ ይገዛሉ፤ ሲጠግቡት ይሸጡታል። ከኢንተርኔት የወረደ ጨዋታ ግን ከገዛው ልጅ አካውንት ወጥቶ ለሌላ አይሰጥም። ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ በዚህ ነጥብ ላይ እንዳይቸኩል አጥብቄ እመክራለሁ።

ሁለተኛው አማራጭ በየሳምንቱ እየከፈሉ የሚወስዱበት ሱቅ ነበር። ሻጩ ትሑት ሰው ነው፤ «በሳምንት 18 ዶላር ብቻ ነው፤ ዛሬውኑ ይዘሽው ትሄጃለሽ» አለኝ። ውሉን ለመፈረም እስክሪብቶ ከያዝኩ በኋላ ስንት ሳምንት እንደሆነ ጠየቅሁ። 52 ሳምንት ነበር። በስልኬ ሳባዛው 936 ዶላር መጣ፤ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ወጣሁ። ሌላ ሱቅ ውስጥ ደግሞ፣ ለአዲሱ ማሽን አዲስ ቴሌቪዥን ያስፈልጋል ብለው ሊያሳምኑኝ ሞከሩ። ጠጋኙን ደውዬ ስጠይቀው፣ ኤችዲኤምአይ የተባለው የገመድ መሰኪያ ያለው ማንኛውም ቴሌቪዥን እንደሚሠራ፣ የእኛው የቆየ ቴሌቪዥን ምስሉን ፎርኬ በሚባለው ከፍተኛ ጥራት ባያሳየውም ጨዋታው አንድም ነገር እንደማይጎድልበት አረጋገጠልኝ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ከሁሉ ከባዱ ነበር። የዕቁብ ዕጣዬ በኅዳር የሚደርሰኝ ቢሆንም፣ ለመኪናዬ ዕዳ አስቀድሞ የተመደበ ነው። በየወሩ ለእናቴ የምልከው 150 ዶላርም አይነካም። በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ብዙ ብር ያወጣልና መቀነስ ትችያለሽ ያሉኝ ነበሩ፤ ነገር ግን ምንዛሪው ሲጨምር የጤፉና የመድኃኒቱ ዋጋም አብሮ መጨመሩን ከእናቴ አፍ ስለምሰማ፣ ይህን ሐሳብ ከጅምሩ ዘጋሁት። በክሬዲት ካርድም ላለመግዛት ወሰንኩ።

ልጄ ከልደትና ከእንቁጣጣሽ ያጠራቀመው 140 ዶላር ነበረው። ሳልጠይቀው ይዞልኝ መጣ። ሁለታችን ወረቀት ላይ ጽፈን ተስማማን፤ በኅዳር መጨረሻ ሱቆች ዋጋ እስከሚቀንሱበት እስከ ብላክ ፍራይደይ 12 ሳምንት አለ፤ እኔ በየሳምንቱ 30 ዶላር በፖስታ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ በአንድ ላይ 500 ዶላር ይሆናል፤ የዚያን ጊዜ ዋጋው ከቀነሰ እንገዛለን፤ ካልቀነሰ ለፋሲካ እናስተላልፈዋለን። ፖስታውን የማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ሰቀልነው። በጥቅምት የመኪናዬ ፍሬን ተበላሽቶ የሁለት ሳምንት ድርሻ ሳላስገባ ቀረሁ፤ ያንን ለመሙላት አንድ ቅዳሜ ተጨማሪ ፈረቃ ገባሁ። ልጄ በእነዚያ 12 ሳምንታት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ «መቼ ነው?» አላለኝም፤ ነገር ግን በየእሑዱ ፖስታውን አውርዶ ሲቆጥር አየዋለሁ።

በኅዳር የመጨረሻ ሳምንታት ዋጋው በ100 ዶላር ቀነሰ፤ ዲስክ የሚያስገባውን በ449.99 ዶላር፣ ከታክሱ ጋር በ477 ዶላር ገዛን። በተረፈው 23 ዶላር ላይ ጥቂት ጨምሬ የዓመቱን የእግር ኳስ ጨዋታ፣ እሱም ዋጋው ቀንሶ ስለነበር፣ ገዛሁለት። ይህ ወጪ መጀመሪያ በሒሳባችን ውስጥ አልነበረም። የአሮጌው ማሽን የእግር ኳስ ዲስክ አዲሱ ላይ ቢሠራም፣ እንደ ፕሌይስቴሽን 4 ጨዋታ ሆኖ እስከሠራ ድረስ ልጁን ከጓደኞቹ ጋር አያገናኘውም። ይህን የሚያውቅ ሰው የጨዋታውንም ዋጋ ከመነሻው ይደምረዋል።

አሮጌውን ማሽን ሱቅ ወስደን ብናስገምተው 60 ዶላር ብቻ አወጣ። ከመሸጥ ይልቅ ደብረ ብርሃን ላለው ለእኅቴ ልጅ ለመላክ ተስማማን። እሱ ጌም ቤት እየሄደ በየጨዋታው እየከፈለ ነው የሚጫወተው። ዳታ ውድ በሆነበት ቦታ ትላልቅ ጨዋታዎችን ከኢንተርኔት ማውረድ ስለማይታሰብ፣ ለእሱም የሚጠቅመው ዲስኩ ነው። ልጄ የራሱን አካውንት ከማሽኑ ላይ አጥፍቶ፣ ከ11ዱ ዲስኮች ሰባቱን መርጦ፣ ከአንዱ ጆይስቲክ ጋር ለገና ወደ ሀገር ቤት በምትሄድ ወዳጃችን ሻንጣ ውስጥ ራሱ አስተካክሎ አስቀመጠው።

በኢንተርኔት ለመጫወት የሚከፈለው የ80 ዶላር ዓመታዊ ክፍያ ከአካውንቱ ጋር ወደ አዲሱ ማሽን ተሻግሯል፤ በጥር ግን ይታደሳል። ግማሹን እሱ ሊከፍል ተስማምቷል። ባዶው ፖስታ አሁንም ማቀዝቀዣው ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ባለፈው እሑድ አምስት ዶላር ገብቶበት አገኘሁ።