ዘውዱን ባስረከብኩ ሰሞን

ባለፈው ሳምንት የሐዋሳ ከተማ የቁንጅና ውድድር ዘውዱን ለተተኪዬ አስረከብኩ። ከዚያ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እሺ፣ ምን አገኘሽበት?» ይለኛል። አብዛኛው የሚጠይቀው ስለ ሽልማቱ ስለሆነ እሱን ቶሎ ተናግሬ ልለፈው። መድረክ ላይ ከተነገረው ግማሹ እጄ ገብቷል፣ ግማሹ አልገባም፤ አዘጋጆቹን ዛሬም እየጠየቅሁ ነው። ከእኔ በኋላ ለምትመጣ ልጅ የምላት፣ ሽልማቱ በውሉ ላይ በብር መጠንና በቀን ይጻፍልሽ፣ ማን እንደሚከፍልም በግልጽ ይቀመጥ። «ለአንድ ዓመት ያለ አዘጋጁ ፈቃድ ማስታወቂያ መሥራት አይቻልም» የሚል አንቀጽ ካለበት፣ ከመፈረምሽ በፊት ሕግ የሚያውቅ ዘመድ ያንብበው።

ሌላውን መልስ ግን መንገድ ላይ ቆሜ ልናገረው አልቻልኩም። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

ቤታችን ውስጥ የቁንጅና ውድድር በጥሩ ዓይን አይታይም ነበር። አባቴ «ሴት ልጅ ቆማ የምትለካበት» ነው የሚለው። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ መጀመሪያ ዝም አለች፣ በኋላ ግን የሀገር ባህል ቀሚሴን ሌሊት እየተነሳች ራሷ ሰፋችልኝ። ያስቀመጠችው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፤ የትም ስጠራ እሷ ወይም ወንድሜ አብረውኝ ይሄዳሉ። ባሸነፍኩ ሰሞን ስልኬ እረፍት ሲያጣ ይህ ሐሳቧ ምን ያህል የበሰለ እንደነበር ገባኝ። ማታ የሚደውሉ፣ «እራት እየበላን እንነጋገር» የሚሉ፣ ስማቸውን የማይናገሩ «ስፖንሰሮች» ብዙ ናቸው። ከእማዬ ጋር ተመካክረን ደንብ አወጣን። ግብዣው በቀን ይሆናል፣ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ይመጣል፣ እኔም ከሰው ጋር እሄዳለሁ። ይህን ስንነግራቸው ግማሾቹ ሁለተኛ አልደወሉም። ደብዳቤ ይዘው የመጡት ደግሞ እውነተኛ ሥራ ያላቸው ሰዎች ሆነው ተገኙ።

ሐዋሳ ውስጥ የከተማ ወይዘሪት ስትሆኚ ሱቅ ሲመረቅ ትጠሪያለሽ፣ ባዛር ሲከፈት ትጠሪያለሽ፣ ለችግኝ ተከላ፣ ለደም ልገሳ፣ ለተማሪዎች ምረቃ ትጠሪያለሽ። መቀስ ይሰጥሽና ሪባን ትቆርጫለሽ፣ ፎቶ ትነሻለሽ፣ ትሸኛለሽ። የመጀመሪያዎቹ ወራት በዚህ አለፉ። ሰው ሊያየኝ ይመጣል፤ የሚያየው ግን እኔን ሳይሆን ደረቴ ላይ የተጣለውን ሪቫን ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሪቫኑን ለለበሰችው ልጅም ያው ዓይን ይሄዳል። ስለዚህ ያ ሁሉ ዓይን በትውስት የመጣ ነው። ትውስት ዕቃ ቤትሽ ውስጥ ያለው ለጊዜው ነውና፣ እያለ ሥራ ይሠራበታል። ዓመቱን ሙሉ የተማርኩት ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው፤ እኔ ላይ ያረፈውን ዓይን ወዴት ልምራው?

በዚህ የቀደሙን እህቶች አሉ። ሐያት አህመድ በ2003 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ወክላ ቻይና፣ ሳንያ ላይ በተካሄደው የሚስ ወርልድ ውድድር ከአፍሪካ አንደኛ ሆና ስትመለስ፣ ስሟን ስለ ኤችአይቪ ኤድስ ለመናገር ተጠቅማበታለች። ያኔ ስለ በሽታው አፍ ሞልቶ መናገር ቀላል አልነበረም። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጎንደር አካባቢ ተወልዳ በ12 ዓመቷ እስራኤል የገባችው ይቲሽ አይናው የመጀመሪያዋ ትውልደ ኢትዮጵያዊት የእስራኤል ወይዘሪት ሆነች። ፕሬዚዳንት ኦባማ እየሩሳሌም በመጡ ጊዜም እራት ላይ ተጋብዛ ነበር። የእሷን ፎቶ እማዬ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ግድግዳ ላይ ለጥፋው ነበር። እኛ ቤት ውድድሩን በተመለከተ የአባቴን ፊት ትንሽ የፈታው፣ ይመስለኛል፣ ያ ፎቶ ነው።

የእኔ ጉዳይ የእናቶች ነገር ሆነ። ከሐዋሳ ወደ ዲላ በሚወስደው መንገድ አፖስቶ ላይ ስትታጠፊ ይርጋለም ትገቢያለሽ። እዚያ የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል አለ፤ ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊን በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት ሆስፒታል ቅርንጫፍ ነው፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የተከፈተ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ የታመሙ እናቶችን «ለማጽናናት» ነበር ሐሳቤ። አንዲት ከደጋው ወረዳ የመጣች፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት በሲዳምኛ አዋራችኝ። ምጡ ቤቷ ይዟት ሁለት ቀን ሙሉ ቆየ፤ ከዚያ በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ ድረስ አወረዷት፤ ሕፃኑ አልተረፈም። ከዚያ በኋላ ሽንቷ መቆም አቃተው። ነርሷ እንደነገረችኝ የሕፃኑ ጭንቅላት ለረጅም ሰዓት አንድ ቦታ ሲጫን ደም ወደዚያ አካል መድረስ ያቅተዋል፤ ሥጋው ይሞትና ቀዳዳ ይፈጠራል፤ ፊስቱላ የሚሉት ይህንን ነው። አዋላጅ በጊዜ ቢያያትና ወደ ኦፕሬሽን ብትላክ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሴትየዋ ታሪኳን ስትጨርስ ዘውዴን ቀና ብላ አየችና «አንቺ ምን ሠርተሽ ነው ይሄን የሰጡሽ?» አለችኝ። የጠየቀችኝ ከልቧ ነው፤ ማወቅ ፈልጋ። በሰው ፊት ቆሜ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄያለሁ፤ እንደዚህ ያለ የዳኛ ጥያቄ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። «እስካሁን ምንም፤ ገና ልሠራ ነው» አልኳት። እሷም «እንግዲያው ሥሪ» አለችኝ።

አብሮን የመጣው ፎቶ አንሺ አልጋዋ አጠገብ ሊያነሳን ተዘጋጅቶ ነበር። እምቢ አልኩ። «ለስፖንሰሮች የምናሳየው ያስፈልጋል» ብሎ ተከራከረኝ። ሴትዮዋ ድና ወደ ቀበሌዋ የምትመለስ ሰው ናት፤ ፊቷ በስልክ ሁሉ ዞሮ ጎረቤት ስለ ሕመሟ የሚያወራበት ምክንያት የለም። ዛሬም በዚህ አቋሜ ጠንካራ ነኝ። ስለ ድሀ ሴት የሚለጠፈው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅመው አጠገቧ የቆመችውን ቆንጆ ነው። ፎቶ ከፈለጉ የፍራሹን፣ የዱቄቱን፣ የጤና ጣቢያውን በር ያንሱ።

ከዚያ ቀን በኋላ አዋላጆችን «ምን ይጎድላችኋል?» ብዬ እየዞርኩ ጠየቅሁ። ትልቅ ነገር ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ደጋግመው የነገሩኝ ስለ እናቶች ማቆያው ነው። መንገድ የማይገባበት ቀበሌ ያለች ነፍሰ ጡር የመውለጃዋ ቀን ሲቃረብ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ባለው ማቆያ ገብታ ትጠብቃለች፤ ምጥ ሲይዛት አዋላጇ አጠገቧ ናት። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ፍራሹ ካለቀ፣ ብርድ ልብስ ከሌለ፣ የሚበላውን የሚያበስል ሰው ከጠፋ፣ ሴቲቱ በሦስተኛው ቀን ልጆቿን አስባ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ ያለው የይርጋለሙ ታሪክ ነው። አንዷ አዋላጅ «የገብስ ዱቄትና ቅቤ ካለኝ ገንፎ አገነፋላቸዋለሁ፣ ቡና ይፈላል፣ ይጫወታሉ፣ አይሄዱም» አለችኝ። እንደዚህ ቀላል ነበር።

መድረክ ላይ የምናገረውም ተለወጠ። ምረቃ ላይ ማይክ የሚሰጥሽ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው፤ ከአንቺ በፊት የክብር እንግዶቹ ተናግረዋል፣ ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። «የእናቶች ጤና የሁላችንም ኃላፊነት ነው» ብትዪ ይጨበጨባል፣ ማንም ግን ምንም አያደርግም። ስለዚህ የጤና ጣቢያውን ስም፣ የሚያስፈልገውን ፍራሽ ቁጥርና የሚደርስበትን ቀን ብቻ ተናግሬ መውረድ ጀመርኩ። ሌላው የተማርኩት «ቃል ገብቻለሁ» የሚባለውን ነገር ነው። ሰው በጭብጨባ መሐል ብድግ ብሎ ቃል ይገባል፤ ልቡም እውነት ነው፤ ነገ ግን ሥራው ይይዘዋል። ከመድረክ ስወርድ በደብተሬ ስሙንና ስልኩን እጽፋለሁ፣ በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ገበያ ውስጥ ፍራሽ የሚሸጡ አንድ አባት ስደውልላቸው ሳቁ። «ልጄ፣ ስንት ቦታ ቃል ገብቻለሁ፤ የደወለልኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ» አሉኝ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ፍራሾቹ አይሱዙ ላይ ተጭነው ሄዱ።

ዘውዱን ያላደረግሁበት ቦታም አለ። ለፍቼ ጨምበላላ በዓሉ ወደሚከበርበት አደባባይ፣ ጉዱማሌ ስጠራ አዘጋጆቹ ዘውድና ሪቫን እንዳደርግ ፈልገው ነበር። ያ ቀን ግን የሲዳማ አዲስ ዓመት ነው፤ ኮከብ ቆጥረው ቀኑን የሚያውጁት አያንቱዎች ያሉበት፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው የሽማግሌዎቹ ቀን ነው። እማዬ በሰፋችው ቀሚስ ሄጄ ከሴቶቹ ጋር ዘፈንኩ። ከዓመቱ ሁሉ በጣም የተደሰትኩበት ቀን እሱ ነው።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ ልጆች ነገር ግን ዛሬም ከልቤ አልወጣም። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩ የመጡ እጅግ ብዙ ወጣት ሴቶች ሐዋሳ ውስጥ አንድ ክፍል ለአራትና ለአምስት ተከራይተው ይኖራሉ። ለሴቶች ቀን ጠርተውኝ ከፕሮግራሙ በኋላ ከበው ያወሩኝ ጀመር። የጠበቅሁት ስለ ሥራና ስለ ደመወዝ ነበር። እነሱ የጠየቁኝ ግን ፊቴ ላይ የምቀባውን ነው። «ቀይ የሚያደርገው ክሬም የቱ ነው?» አንዷ ከደመወዟ ቆጥባ የገዛችውን አሳየችኝ፤ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ፣ ስም የሌለው ብልቃጥ። ጉንጯ ላይ ቆዳዋ ሳስቶ ቀልቷል።

የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ ጠይም ነኝ፤ ያሸነፍኩት ጠይም ሆኜ ነው። ግን ፖስተሩ ላይ የወጣው ፎቶ ፊቴን በብርሃን አንጥቶት ነበር። ልጆቹ ያዩት ያንን ነው። በማግስቱ ለፎቶ ቤቱ ደውዬ ከዚህ በኋላ የሚወጣ ፎቶ ሁሉ ቀለሜ እንዳይነካ ጠየቅሁ፣ ከዚያም ሜካፕ ሳልቀባ ተመልሼ ሄድኩ። ክሬሙን ስላሳየችኝ ልጅ ለአንዲት የቆዳ ሐኪም ነገርኳት፤ ቅዳሜ ከሰዓት መጥታ ልጆቹን በነፃ አየች። ውድድር የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል፤ ቁመትና ወገብ ለክታችሁ የምትሰጡት ነጥብ እዚያች ክፍል ውስጥ የምትኖር ልጅ መስታወት ፊት ይደርሳል። ጠይሟንም፣ አጭሯንም መድረክ ላይ አውጡ፤ ከሁሉ ይልቅ ልጅቷ ስለምትናገረው ነገር የምትሰጡትን ነጥብ ከፍ አድርጉት።

አባቴ በዓመቱ ውስጥ ስለ ውድድሩ አንድም ቃል አልተናገረም። ባለፈው ሳምንት ግን ርክክቡ ላይ መጥቶ ከእማዬ ጎን ተቀምጦ ነበር። ቤት ስንገባ ደብተሬን ጠይቆኝ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበበው፣ ቃል ገብተው ያልሰጡትን ሰዎች ስም በእርሳስ አሰመረበት። «እነዚህን እኔ እደውልላቸዋለሁ» አለኝ።

ተተኪዬ ዘውዱን ከተቀበለች በኋላ ቤቴ መጥታ ስልክ ቁጥሮቹን በሙሉ ገለበጠች። የእሷ ሐሳብ የትምህርት ቤት ልጃገረዶች በወር አበባ ምክንያት እንዳይቀሩ ማድረግ ነው፤ የማቆያዎቹን ነገርም አልተወችውም። አለታ ወንዶ በኩል ያለው ጤና ጣቢያ ምድጃ ጠይቋል። ቅዳሜ ጠዋት ከእሷና ከወንድሟ ጋር ዋጋ ልንጠይቅ ገበያ እንወጣለን፤ አባቴም አብሮን ሊሄድ ነው፣ ምድጃ መከራከር እሱ ይችልበታል።