ከጣርማ በር ወደ ሮቢ ሸለቆ፦ ሐዲድ የሌለበት ካርታ

ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ በእጄ የያዝኩት በቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት የታተመ የ1:50,000 መልክአ ምድራዊ ካርታ ነበር። ከአዋሽ ተነሥቶ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚዘልቀው የባቡር ሐዲድ ግንባታው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. በመሆኑ በዚህ ካርታ ላይ የለም። የጉዞዬ ዓላማም ሐዲዱ የሚያልፍበትን ስፍራ ከአሮጌው ወረቀት ላይ አስቀድሞ ማንበብ ይቻል እንደነበር ማየት ነው።

ጣርማ በር ላይ ከመኪና ወርጄ ካርታውን ዘረጋሁ። በዚህ መስፈርት ሁለት ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች በሚያገናኙት በሁለት ተከታታይ የከፍታ መስመሮች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 20 ሜትር ነው። ለከባድ ጭነት ባቡር በ1000 ሜትር 20 ሜትር መውጣት እንኳ ብዙ ስለሆነ፣ ሐዲዱ የሚያቋርጣቸው መስመሮች ቢያንስ ሁለት ሴንቲ ሜትር መራራቅ ይኖርባቸዋል። ከእግሬ ሥር ባለው ገደል ግን መስመሮቹ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ሳይራራቁ ተጠጋግተው፣ ቡናማ ቀለም የፈሰሰበት ይመስላሉ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን በስተው መኪና አሳለፉበት እንጂ ለባቡር የሚሆን አልነበረም።

ከ3000 ሜትር በላይ ተነሥተን ወደ 1300 ሜትር ገደማ ስንወርድ መስመሮቹ ተራራቁ። ማሾና ማሽላ በሚዘራበት ሜዳ ያገኘኋቸውን አዛውንት «አባቴ፣ ሐዲዱ በየት በኩል ነው?» ብላቸው፣ በዱላቸው ወደ ቆላው እያመለከቱ «ዳገቱን ሸሽቶ በሜዳው ነው የሄደ፣ ልጄ» አሉኝ። ካርታውም የሚለው ይህንኑ ነው።

ሰፋ ያለ አካባቢ በሚያሳየው በ1:250,000 ካርታ ላይ የሚታየው የፊተኛው የጂቡቲ መስመር ደግሞ ሌላ ነገር ያስነብባል። ይህ 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የአዋሽን ሸለቆ ተከትሎ በመተሐራና በአዳማ አለፈ። ከዚያ በፊት ከባሕር ወደ ሸዋ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚወጣው በአንኮበር ግርጌ ባለችው በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ነበር። ዛሬ በካርታው ላይ በባቡር ጣቢያነት የተቆረቆረችው አዋሽ በጉልህ ፊደል ስትጻፍ፣ አልዩ አምባ አነስተኛ መንደር ናት። ለዚህ ሐዲዱን ብቻ መክሰስ ግን አይገባም፤ ምኒልክ መናገሻቸውን ከአንኮበር ያነሡት ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ነውና።

እንደ እኔ አስተያየት፣ የሮቢ ሸለቆ ካርታ እንደገና ሲታተም ሐዲዱን ማስፈር ብቻ አይበቃውም፤ ከደጋው ወደ ቆላው የሚወርዱትን የገጠር መንገዶችም በጥንቃቄ ማሳየት ይኖርበታል። የመንዝ እህልና በግ ጣቢያ ሊደርስ የሚችለው በእነዚያ መንገዶች ነው።