ለወገብ ዲስክ ቀዶ ሕክምና ውጭ አገር ከመሄድዎ በፊት

በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራ የዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ለስላሳ ትራስ) ቀዶ ሕክምና ፈልጎ ወደ ውጭ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የቀዳዳውን መጠን ነው። ማስታወቂያዎቹም የሚያሳዩት ትንሽ ፕላስተርና በማግስቱ ቆሞ የሚሄድ ታካሚ ነው። እውነት ነው፣ ሥራው ራሱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም። ጉዞውን የሚያሳካው ወይም የሚያበላሸው ግን ከዚያ በፊት ያለው ውሳኔና ከዚያ በኋላ የሚመጡት ሳምንታት ናቸው።

አስቀድሞ፣ በፍጹም መጓዝ የሌለበት ታካሚ አለ። በመቀመጫ፣ በብልትና በፊንጢጣ ዙሪያ መደንዘዝ ከጀመረ፣ ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ሳይታወቅ ካመለጠ፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ሁለቱም እግሮች ከዛሉ፣ በወገብ ውስጥ ያለው የነርቭ ጥቅል ታፍኖ ሊሆን ይችላል። ይህ በሰዓታት ውስጥ መታየት ያለበት ድንገተኛ ሕመም ስለሆነ ቪዛና ትኬት አይጠበቅለትም፤ ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል መሮጥ ነው። የእግር መዳፍን ወደ ላይ ማንሳት ከቀን ወደ ቀን እየከበደ የሄደበትም ሰው ቀጠሮ እየጠበቀ መቆየት የለበትም።

ጨርሶ መሄድ የማያስፈልገውም ብዙ ነው። ከዲስክ መንሸራተት የሚመጣ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይቀልላል። የሚያስገርመው፣ ተቆርጦ የወጣ ትልቅ ቁራጭ በትንሹ ካበጠ ዲስክ ይልቅ በሰውነት ተመጥጦ የመጥፋት ዕድሉ የተሻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱ የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ቶሎ ቀዶ ሕክምና የተሠራላቸውንና እንዲጠብቁ የተደረጉ ታካሚዎችን አነጻጽሮ ነበር። ቶሎ የተሠሩት ፈጥነው ከሕመም ተገላገሉ፤ ከዓመት በኋላ ግን በሁለቱም ወገን 95 በመቶ ያህሉ ድነናል ብለዋል። ከጠባቂዎቹ 39 በመቶ ገደማ በመሃል ሕመሙ ስላላስቻላቸው ወደ ቀዶ ሕክምና መግባታቸውም መታወቅ አለበት። በእኔ እምነት ለሁለት ወር ያህል በአግባቡ ታክሞ ያልተሻለው፣ እንቅልፍና ሥራ የነሳው የእግር ሕመም ያለበት ሰው ለቀዶ ሕክምና ተገቢ ነው። ዋናው ሕመሙ ወገቡ ላይ ብቻ የሆነ ሰው ግን ከዚህ ቀዶ ሕክምና ብዙ መጠበቅ የለበትም፤ ነርቭን ከጫና ነጻ ማውጣት የሚያሽለው በዋነኝነት እግርን ነውና።

ወደ ውጭ የሚላከው ምስል የጉዳዩ ግማሽ ነው። በስልክ የተነሳ የፊልም ፎቶ ወይም የራዲዮሎጂ ሪፖርት ብቻ አይበቃም፤ ሙሉው የኤምአርአይ ፋይል በዳይኮም ቅርጽ (የሕክምና ምስል በሙሉ ጥራቱ በሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት)፣ በሲዲ ወይም በማስፈንጠሪያ ይላክ። ምስሉ ከስድስት ወር ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ሕመሙ ከዚያ ወዲህ ጠባዩን ከቀየረ ደግሞ አዲስ ይነሳ። ቆመው ወደ ፊትና ወደ ኋላ አጎንብሰው የሚነሱት ራጅም ይጨመርበት፤ ኤምአርአይ ተኝተው ስለሚነሱት አንዱ አጥንት በሌላው ላይ መንሸራተቱን ሊደብቅ ይችላል። ሌላም አለ። አንዳንድ ሰው የመጨረሻው የወገብ አጥንቱ ከታችኛው ጋር የተያያዘ ወይም አንድ ተጨማሪ ያለው ይሆናል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ሐኪም «ኤል4–ኤል5» (በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መሃል) ያለውን ሌላው «ኤል5–ኤስ1» (በአምስተኛውና ከሥሩ ባለው አጥንት መሃል) ይለዋል፤ የተሳሳተ ዲስክ ከሚከፈትባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። አቆጣጠሩን ሪፖርቱ ላይ በግልጽ ያስጽፉ።

ምስሉና ሕመሙ መገጣጠም አለባቸው። የኤል4–ኤል5 ዲስክ በአብዛኛው የኤል5 ነርቭን ስለሚጫን የእግር ጀርባንና አውራ ጣትን ያደነዝዛል፣ በተረከዝ መራመድንም ያዳክማል። ኤል5–ኤስ1 ደግሞ የኤስ1 ነርቭን ተጭኖ የእግርን የውጭ ጠርዝና መርገጫውን ያደነዝዛል፣ በጣት መቆምን ያዳክማል። ምንም የማያማቸው የ20 ዓመት ወጣቶች እንኳ ቢነሱ 30 በመቶ ያህሉ ዲስካቸው ያበጠ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሕመሙ የት እንደሚወርድ ሳይጠይቅ ምስል ብቻ አይቶ የቀዶ ሕክምና ቀን የሚቆርጥልዎን ተቋም ይተዉት።

ስልቶቹ ሦስት ያህል ናቸው። በማይክሮስኮፕ የሚሠራው ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ይከፈታል። ሁለተኛው ጡንቻውን ሳይቆርጥ እየለጠጠ በሚያስገባ ቱቦ የሚሠራው ነው። ሦስተኛው በኢንዶስኮፕ (ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ) ነው፤ 8 ሚሊሜትር ገደማ ቀዳዳ ይበቃዋል። ኢንዶስኮፑ ከጎን፣ ነርቩ በሚወጣበት ቀዳዳ ሲገባ በአካባቢያዊ ማደንዘዣ ሊሠራ ይችላል፤ መሣሪያው ነርቭ ከነካ ታካሚው ራሱ ይናገራል። ነገር ግን ኤል5–ኤስ1 ላይ የዳሌው አጥንት ከፍ ያለ ከሆነ ከጎን ያለው መንገድ ይዘጋል፤ ያኔ ከኋላ፣ ብዙ ጊዜም በሙሉ ሰመመን ይገባል። ከቦታው ርቆ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሄደ ቁራጭም ከጎን በሚገባው መንገድ ሳይወጣ ሊቀር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የኔዘርላንድስ ንጽጽር ኢንዶስኮፑ የእግር ሕመምን በማሻል ከማይክሮስኮፑ እንደማያንስ አሳይቷል። ሆኖም ኢንዶስኮፕ እጅን ለማሠልጠን ረጅም ጊዜ የሚወስድ ሙያ ነው። በማይክሮስኮፕ የተካነ ሐኪም በኢንዶስኮፕ ጀማሪ ከሆነ ሐኪም ይሻላል፤ በዚህ ጥርጥር የለኝም።

ጥያቄዎቹን በጽሑፍ ይላኩ። በዚህ ስልት፣ በዚህ የወገብ ደረጃ (ለምሳሌ ኤል4–ኤል5) በዓመት ስንት ይሠራሉ? ቢላውን የሚይዙት እርስዎ ራስዎ ነዎት? በምን ሁኔታ ወደ ሰፊው ክፍት ስልት ይቀይራሉ? ዲስኩ በአንድ ወር ውስጥ ተመልሶ ቢወጣ ሁለተኛው ሥራ ከዋጋው ውስጥ አለ? የሆስፒታሎችን ጥራት በሚመዝነው ዓለም አቀፉ የጆይንት ኮሚሽን የተመሰከረለት ሆስፒታል መሆኑ ስለ ንጽሕናና ስለ አሠራር ይናገራል እንጂ ስለ ሐኪሙ እጅ አይመሰክርም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለተንሸራተተ አንድ ዲስክ፣ አጥንቱ ሳይነቃነቅ፣ አጥንቶችን የሚያያይዝ ብሎንና ዘንግ ያስፈልግዎታል ካሉ ምክንያቱን ያስረዱዎት፤ ሌላ ሐኪምም ይጠይቁ። ሌዘርም ቢሆን ተቆርጦ የወጣን ቁራጭ አያወጣም።

ደም ማቅጠኛ፣ አስፕሪን ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መቼ እንደሚቆም ከመነሳትዎ በፊት ይወሰን፤ አንዳንዱ ከሥራው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ይቆማል፣ ይህም በራስ ውሳኔ አይደረግም። ትራማዶል የሚወስዱ ሰዎች የሚሄዱበትንና የሚያልፉበትን አገር ሕግ ያጣሩ። በግብጽና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ መድኃኒቱ ጥብቅ ቁጥጥር ስላለበት ያለ ማዘዣና ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ያሳስራል።

ከሥራው በኋላ በሦስተኛው ቀን የመመለሻ ትኬት መቁረጥ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው። ለረጅም በረራ ከ10 እስከ 14 ቀን ቢጠብቁ፣ ቁስሉም ታይቶ ቢነሱ ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳስታወቀው ከአራት ሰዓት በላይ መቀመጥ በደም ሥር ውስጥ የደም መርጋት አደጋን በእጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ ቀዶ ሕክምና ደግሞ በራሱ ሌላ ጫና ነው። የመተላለፊያ ጠርዝ ወንበር ይያዙ፣ በየሰዓቱ ይነሱ፣ የግፊት ካልሲና የመከላከያ መርፌ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። አየር መንገዱም የሕክምና ቅጽ ሊጠይቅ ስለሚችል ቀድመው ያስሞሉት። የአውሮፕላን ማረፊያ ተሽከርካሪ ወንበር ከትኬቱ ጋር ይታዘዝ፤ በረጅም ሰልፍ መቆም ከበረራው የከፋ ነው። ሻንጣ የሚያነሳ አስታማሚ ከሌለ ጉዞው ባይደረግ ይሻላል። ማረፊያው ሊፍት ያለው፣ አልጋው ከጉልበት የማያንስ፣ ሆስፒታሉም ቅርብ ይሁን።

ችግሮቹ የየራሳቸው ጊዜ አላቸው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እየበረታ የሚሄድ ሕመምና የእግር መዛል የደም ቋጠሮ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያውኑ መታየት አለበት። ሲቆሙ የሚብስ ሲተኙ የሚለቅ ራስ ምታት፣ ወይም ከቁስሉ የሚወጣ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ነርቮቹን የሸፈነው ስስ ሽፋን መቀደዱን ይጠቁማል። ኢንፌክሽን ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ፣ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ታካሚው ቤቱ ገብቷል። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ቤትዎ አጠገብ ያለ የሚከታተልዎ ሐኪም ይስማማ። ከሆስፒታሉም የተሠራው ደረጃና ጎን፣ ሽፋኑ ተቀዶ እንደሆነ፣ የተሰጡት መድኃኒቶችና ሲወጡ የነበረው የሲአርፒ (የኢንፌክሽንና የብግነት ምልክት የሆነ) የደም ምርመራ ቁጥር ሐኪምዎ በሚያነበው ቋንቋ ተጽፎ ይሰጥዎ። ያ ቁጥር ከሌለ በሦስተኛው ሳምንት ከፍ ብሎ የተገኘ ውጤት እየጨመረ ይሁን እየቀነሰ ለማወቅ ያስቸግራል።

የእግር ሕመሙ ፈጥኖ ሲጠፋ መደንዘዙ ሳምንታት፣ ድካሙ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ይህ ብቻውን አያስደነግጥ። ደህና ከሰነበቱ በኋላ ያው የድሮ ሕመም በድንገት ከተመለሰ ግን ዲስኩ እንደገና ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ከ100 ታካሚ ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ይህ ይደርስባቸዋል። ያኔ የሚነሳው ኤምአርአይ በደም ሥር የሚሰጥ ማቅለሚያ የሚጨመርበት ቢሆን ይመረጣል፤ ጠባሳውን ከአዲሱ ቁራጭ የሚለየው እሱ ነው። የኩላሊት ችግር ካለብዎ ከመርፌው በፊት ይናገሩ፣ የድሮውንም ሲዲ ይዘው ይሂዱ።