ከአራት ኪሎ ዝቅ ብሎ መብረር

እናቴ ከነኦክስጅን ማሽኗ ዱባይ እህቴ ጋ ልትሄድ ነው ሲባል ዘመድ ሁሉ የፈራው አውሮፕላኑን ነበር። «እዚህ መሬት ላይ ያጠራት አየር ሰማይ ላይ ከየት ሊመጣ ነው?» አሉ። እኔን ያስጨነቀኝ ባትሪው ነበር።

ማሽኑ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ቦርሳ ነው። ውስጡ የታመቀ ጋዝ የለም፤ በዙሪያው ያለውን አየር ይስብና ናይትሮጅኑን ዚዮላይት በሚባል ነገር አስቀርቶ ኦክስጅኑን በአፍንጫዋ ቱቦ ይልክላታል። የራስን የኦክስጅን ሲሊንደር ይዞ መሳፈር ሲከለከል እሱ የሚፈቀደውም ለዚህ ነው። ብቻ ወረቀት ይፈልጋል። ሐኪሟ መብረር እንደምትችልና ማሽኑ ስንት ላይ መሆን እንዳለበት ጽፋ ፈረመች። እኔም ያንን ይዤ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ፣ ወደ ቲኬት ቢሮው። የበረራውን ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ የሚያቆይ ባትሪ ያዙ ተባልን። ዱባይ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ስድስት። ካታሎጉ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ግን አትመኑ፤ ማሽኑ የሚሰጠው የኦክስጅን መጠን ከፍ በተደረገ ቁጥር ባትሪው ቶሎ ያልቃል። መለዋወጫ ባትሪዎቹም ካርጎ አይገቡም፣ በእጅ ነው የሚያዙት። የአንዱ ባትሪ አቅም ከ100 ዋት አወር የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልጋል። በዋዜማው ማታ መብራት ጠፋና ሁሉንም ተሸክሜ ጀነሬተር ያለው ጎረቤት ቤት ሄጄ ሰካሁ።

ቦሌ ፍተሻው ላይ ጫማችንን አውልቀን ቆምን።

«ማዘር፣ ቦርሳው በማሽን ይለፍ።»

«ልጄ፣ እሱን ብቻውን ካሳለፍከው እኔም አለፍኩ።»

ልጁ ሳቀና በእጁ ፈትሾ ሸኘን።

ያገኘነው አውሮፕላን ድሪምላይነር የሚባለው ቦይንግ 787 ነበር። የድሪምላይነር የውስጥ አየር ቢበዛ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ቦታ ነው የሚያዘው፤ አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር ትጠጋለች። አውሮፕላኑ ወደ ላይ ሲወጣ እናቴ ወረደች ማለት ነው! አራት ኪሎ ቤታችን 89 ይል የነበረው፣ የደም ኦክስጅንን በመቶኛ የሚያሳየው የጣት መለኪያ፣ ማሽኑ ሳይነካ፣ ደመና ላይ 93 አለ። ሌላ ዓይነት አውሮፕላን ቢሆን እንኳ የውስጥ አየሩ እስከ 2,400 ሜትር ነው፤ ከቤቷ የባሰ አይደለም። ዕድሜ ልኳን የማገዶ ጭስ የጠጣው ሳንባዋ ከፍታውን እዚሁ ሆኖ ለምዶታል። ዱባይ፣ ባሕሩ ጠርዝ ላይ፣ 96 ገባች፤ ገበያ ለገበያ እኛን አደከመችን።

የሚከብደው መመለሻው ነው፤ ይህን የነገረን ሰው አልነበረም። ቦሌ ራሱ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲወርድ የውስጡ አየር እንደዚያ ከፍታ አየር እየሳሳ ይሄዳል። ጎማው መሬት ሳይነካ ቁጥሩ ማሽቆልቆል ጀመረ። ሐኪሟ በፈቀደችው መሠረት ማሽኑን አንድ ደረጃ ከፍ አደረግነው። ከዚያ ዊልቸር ጥበቃ፣ የፓስፖርት ሰልፍ፣ ሻንጣ፣ በመጨረሻም የቦሌ መንገድ ትራፊክ። የስድስት ሰዓቱ ስሌት ይህን ሁሉ አይቆጥርም። ሳንነካው ያቆየነውን የመጨረሻውን ባትሪ መስቀል አደባባይ፣ ታክሲ ውስጥ ሆነን ቀየርን።