ባቲ ከተማ ናት ወይስ ቅኝት?

የወሎን ዘፈኖችና ፎቶዎች ደሴ ቤቴ ተቀምጬ በኮምፒውተር ሳደራጅ ኦንቶሎጂውን፣ ማለትም የጽንሰ ሐሳቦቹን የዝምድና ሐረግ፣ ብቻዬን ሠራሁት። የጻፍኩት የድረ ገጽ መስፈርቶችን የሚያወጣው ድርጅት ደብሊው ስሪ ሲ (W3C) በ2004 እ.ኤ.አ. መስፈርት ባደረገው «አውል» (OWL) በተባለው የኦንቶሎጂ መጻፊያ ቋንቋ ነው። «ባቲ»ን ከተሞች ሥር አስገብቼ ተኛሁ።

ወዳጆቼ የፈለጉትን መለያ ቃል እንዲለጥፉ ስፈቅድ ግን አንዱ ከክራር ቅጂ ላይ «ባቲ» ብሎ ለጠፈ። ልሰርዘው እጄ ተነሣ! ቆይቼ ሳይ ቃሉ ከሌሎቹ የሙዚቃ ቅኝቶች፣ ከ«ትዝታ» እና ከ«አንቺ ሆዬ» ጋር ደጋግሞ ይመጣል። የወሎ ልጅ ሆኜ ቅኝቱን መርሳቴ አሳፈረኝ። ለቅኝቱ የራሱን ቦታ ሰጠሁት፤ አምባሰልንም እንዲሁ ቦታና ቅኝት ብዬ ለሁለት ከፈልኩት።

ሁሉም መለያ አይጠቅምም፤ አንዷ ጓደኛዬ ሁሉም ላይ «ቆንጆ» ትለጥፋለች። የትኛው ከየትኛው ሥር እንደሚገባም መለያው አይነግረኝም፤ እሱን ዛሬም የምወስነው እኔ ነኝ።