ሃሳቡ ጥሩ ነው፤ ሂሳቡስ?

ለገጠር ማኅበረሰብ የሚሰጥ የአነስተኛ ድጎማ ማመልከቻ የሚገመግም ሰው ቶሎ ብሎ የሚገልጠው የበጀቱን ገጽ ነው። ስለ ችግሩ ስፋት የተጻፈውን መግቢያ ቢዘለው አይፈረድበትም፤ አመልካቹ ሁሉ ውሃ እንደቸገረው፣ መንገዱ እንደተቆረጠ፣ ወጣቱ ሥራ ፈትቶ እንደተቀመጠ ጽፏል። ልዩነቱ የሚታየው ሠንጠረዡ ላይ ነው። «የግንባታ ዕቃ፣ 180 ሺህ» ብሎ በአንድ መስመር የዘጋ ኮሚቴ ዕቃውን ገና እንዳልቆጠረ በራሱ ላይ መስክሯል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ፦ የትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ የሚወርደውን ዝናብ አጠራቅሞ ለተማሪዎች እጅ መታጠቢያ ማዋል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ ከ80 እስከ 85 በመቶው ታንከር ውስጥ ይገባል ብሎ ማስላት ይቻላል፤ የቀረው ይረጫል፣ ይተናል፣ አሸንዳውን አልፎ ይፈሳል። ጣሪያው 100 ካሬ ሜትር ከሆነ 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ታንከር ለመሙላት 120 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይበቃዋል። እስከዚህ ያለውን ብዙ ሰው ይጽፈዋል። ከታንከሩ በየቀኑ የሚወጣው ውሃ ግን ይረሳል። 400 ተማሪ በቀን አንድ አንድ ሊትር ቢጠቀም ሙሉው ታንከር በ25 የትምህርት ቀን ባዶ ይሆናል። ማመልከቻው ላይ «ዓመቱን ሙሉ የውሃ ችግር ይፈታል» ተብሎ ከሆነ ገምጋሚው ይህችን ስሌት በወረቀት ጠርዝ ላይ ሠርቶ ፋይሉን ያስቀምጠዋል። «በዝናብ ወራት ሙሉ በሙሉ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ደግሞ ለ25 የትምህርት ቀናት» ብሎ የጻፈ ያንሳል፣ ግን ይታመናል።

በጀቱ ውስጥ ታንከሩ አይረሳም። የሚረሳው የሚቀመጥበት ነው። 10 ሺህ ሊትር ውሃ 10 ቶን ይመዝናል። ባልተጠቀጠቀ አፈር ላይ የተቀመጠ ታንከር ሲሞላ በአንድ ወገን ይሰምጣል፣ መውጫ ቧንቧው ይወጠራል፣ መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የድንጋይና የሲሚንቶ መደብ በጀት ውስጥ የራሱ መስመር ይኑረው። ሌሎቹ ተረሺዎች፦ የአሸንዳ መያዣ ብረት፣ ከጣሪያው መጀመሪያ የሚወርደውን አቧራና የወፍ ኩስ ለይቶ የሚያስወጣ ቱቦ፣ የታንከሩ አፍ ላይ የሚሆን ወንፊት፣ የትርፍ ውሃ ማፍሰሻ፣ ቁልፍ ያለው የቧንቧ ራስ፣ ማጓጓዣ፣ ጭኖ ማውረጃ፣ ታክስ። ማጓጓዣው ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ታንከር ባዶውን ቀላል ቢሆንም ቦታ ይይዛልና መኪናውን ብቻውን ነው የሚሞላው።

አሸንዳ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ የሚበላሸው እዚያ ነው። በየሜትሩ ከግማሽ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ካልሄደ ውሃ ይቋጥራል፤ ቅጠል ይበሰብስበታል፣ ትንኝ ይራባበታል። ጣሪያው 20 ሜትር ርዝመት ካለው ግን በ1 ሳንቲ ሜትር ቁልቁለት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲወስዱት መጨረሻው ከጣሪያው ጠርዝ 20 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ውሃው አሸንዳውን ዘሎ መሬት ላይ ያርፋል። መፍትሔው መውረጃ ቱቦውን መሀል ላይ አድርጎ ከሁለቱም ጫፍ ወደ መሀል ማዘንበል ነው፤ ያኔ ልዩነቱ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማመልከቻው ላይ የጻፈ ኮሚቴ ባለሙያ እንዳማከረ ሳይናገር ይታወቅለታል።

ወደ መዋጮው እንለፍ። ለጋሹ ያወጣው የማመልከቻ ጥሪ «አመልካቹ 25 በመቶ ያዋጣል» ይላል እንበል። የምን 25 በመቶ? የጠቅላላው ወጪ ወይስ የድጎማው? ድጎማው 300 ሺህ ቢሆን የድጎማው 25 በመቶ 75 ሺህ ነው፤ የጠቅላላው 25 በመቶ ግን 100 ሺህ ነው፣ ምክንያቱም 300 ሺው የ400 ሺህ 75 በመቶ ነውና። በዚህ ብቻ ከመጀመሪያው ማጣሪያ የሚወድቁ አሉ። ጥሪው ግልጽ ካልሆነ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።

የጉልበት መዋጮም ይቆጠራል፣ ከተቆጠረ። «ሕዝቡ በጉልበቱ ይተባበራል» በጀት አይደለም። «ለመደብ ቁፋሮና ለድንጋይ ማመላለስ 30 ሰው ለ4 ቀን፣ 120 የሰው ቀን፣ በአካባቢው የቀን ሠራተኛ ዋጋ» ግን በጀት ነው። ግንበኛው በነፃ ከሠራ በግንበኛ ዋጋ ይሰላል፤ ያው ግንበኛ ቁፋሮ ላይ ከዋለ በቁፋሮ ዋጋ። በየቀኑ የስም መቆጣጠሪያ ተይዞ ይፈረም፤ በኋላ ተሰብስቦ በአንድ ብዕር የተሞላ ፊርማ ከሩቅ ይታወቃል። ቁፋሮው አዝመራ ላይ እንዳይውልም ቀኑን አስቡበት፤ 30 ሰው ተብሎ 6 ሰው የሚመጣው ሕዝቡ ስለጠላው ላይሆን ይችላል።

ፕሮፎርማ ከሦስት አቅራቢ ይጠየቃል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ዕቃ መሆን አለባቸው፤ አንዱ 10 ሺህ ሊትር፣ ሌላው 8 ሺህ ከሆነ ማወዳደሪያ አይሆንም። ከዚያ የፀና የሚሆንበት ቀን አለ። ፕሮፎርማው ለ30 ቀን ብቻ የሚፀና ሊሆን ይችላል፤ ማመልከቻው ታይቶ፣ ተወስኖ፣ ውል ተፈርሞ ገንዘብ እስኪገባ ብዙ ወር ሊያልፍ ይችላል። መሀል ላይ ዋጋ ከጨመረ ልዩነቱን የሚሸፍነው ኮሚቴው ነው። ስለዚህ ለጋሹ ከፈቀደ ከ5 እስከ 10 በመቶ መጠባበቂያ ያዙ። ካልፈቀደ ደግሞ ያለጉዳት ሊቀነስ የሚችለው የትኛው ክፍል እንደሆነ ከአሁኑ ወስኑ፤ ለምሳሌ ሁለተኛው የመታጠቢያ መስመር። መደቡን ግን አትቀንሱ።

ውሉ ከመፈረሙ በፊት የወጣ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ አይተካም። «ይፀድቃል ብለን ጀመርነው» ያለ ኮሚቴ ታንከሩን ከኪሱ ገዝቷል ማለት ነው። መጀመሪያ አውጡ፣ ደረሰኝ ስታቀርቡ እንተካለን የሚል ድጎማም አለ፤ ማመልከቻውን ከመጻፋችሁ በፊት መጀመሪያ የሚወጣውን ገንዘብ ማን እንደሚያበድራችሁ እወቁ።

አባሪዎቹን በፍጥነት ልለፍ፦ ኮሚቴው ማመልከቻውን የወሰነበት ቃለ ጉባኤ፣ በማኅበሩ ስም የተከፈተ የባንክ ሂሳብ (ሦስት ፈራሚ ተመዝግቦ ማንኛውም ሁለቱ ሲፈርሙ የሚያንቀሳቅሱት)፣ ቦታውን ለመጠቀም የሚያስችል ደብዳቤ። ብዙ የሚያዘገየው ይሄ የመጨረሻው ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት እሱን ጀምሩ። ማመልከቻውንም ከመዝጊያው ሁለት ቀን በፊት አስገቡ። በመጨረሻው ሰዓት መብራትም ኔትወርክም አይታመንም።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው ወገን እንቁም፤ ውድድር የምታዘጋጁት እናንተ ናችሁ። የፅዱ መንደር፣ የጓሮ አትክልት፣ የወጣቶች የሥራ ሃሳብ፣ ምንም ይሁን። ጠቡ የሚነሳው ከዳኝነቱ ነው። «ፅዳት፣ 30 ነጥብ» ብሎ ማስቀመጥ አይበቃም፤ 30 የሚያሰጠው ምን እንደሆነ፣ 15 የሚያሰጠው ምን እንደሆነ ይጻፍ። ነጥብ እኩል ቢሆን በየትኛው መመዘኛ እንደሚለይ፣ ዘመድ ወይም ጎረቤት የሚወዳደርበት ዳኛ እንደማይዳኝ ከምዝገባ በፊት ይነገር።

ነጥብ መደመርም ራሱ ያሳስታል። ሦስት ዳኞች ሁለት መንደሮችን አዩ እንበል። አንደኛው ዳኛ ለላይኛው መንደር 70፣ ለታችኛው 74 ሰጠ። ሁለተኛው 72 እና 75። ሦስተኛው 90 እና 60። ሲደመር ላይኛው 232፣ ታችኛው 209። ከሦስቱ ሁለቱ ታችኛውን መርጠው ላይኛው አሸነፈ፤ ነጥብ አስፍቶ የሚሰጠው አንድ ዳኛ የሁለቱን ድምፅ ዋጠው። በደረጃ ቢሆን (አንደኛ 1፣ ሁለተኛ 2፣ ትንሹ ድምር ያሸንፋል) ታችኛው በ4 ለ5 ይወስዳል። ደረጃም እንከን አለው፤ በሰፊ ልዩነት የበለጠውንና በፀጉር የበለጠውን አንድ ያደርጋል። የተሻለው መንገድ ዳኞቹ ውድድር ውስጥ የሌለ አንድ መንደር አብረው አይተው ለየብቻ ነጥብ እንዲሰጡ ማድረግ ነው። ነጥባቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ለምን እንደተራራቁ ይነጋገሩ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ የዓመት ቂም ያስቀራል። ጉብኝቱንም በጥቂት ተከታታይ ቀናት ጨርሱት፤ አንዱን ከዝናብ በፊት፣ ሌላውን ጭቃ ከሆነ በኋላ አይቶ ማወዳደር ፍርድ አይሆንም።

ለተሸናፊው ምን እንደጎደለው በጽሑፍ መንገር ውድድሩን ዕድሜ ይሰጠዋል። አየርላንድ ውስጥ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው የፅዱ ከተሞች ውድድር፣ ትንንሽ መንደሮችም የሚገቡበት፣ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ነጥቡን በዘርፍ በዘርፉ ከዳኛው አስተያየት ጋር ይልክለታል። መንደሩ በዚያ ወረቀት ለቀጣዩ ዓመት ይሠራል። ሽልማቱን በተመለከተ እኔ አንድ ትልቅ ሽልማት ለአንድ አሸናፊ መስጠት አይጥመኝም፤ በየዘርፉ ትንንሽ ሲሆን በሚቀጥለው ዓመት የሚመዘገበው ይበዛል።

የሽልማቱ ቀን ዝግጅት የራሱ ሂሳብ አለው። ሰዓቱ ከመመለሻው ይጀመር፤ 10 ኪሎ ሜትር በእግሩ የሚሄድ ሰው ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ፀሐይ ከመጥለቋ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ ይለቅ። የንግግር ብዛት የሚቆረጠው በዚህ ነው። የገበያ ቀንና የፈተና ሰሞን አይነካ። መፀዳጃ ለ100 ሴቶች አንድ መቀመጫ የተለመደ ግምት ነው፤ ለወንዶች መሽኛ ካለ መቀመጫው ያንሳል። የእጅ መታጠቢያው ከመፀዳጃው አጠገብ ይሁን፤ ራቅ ካለ ማንም አይሄድም።

ጄነሬተር ሲከራይ ባለ 5 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚባለው የሚሰጠው 4 ኪሎ ዋት ያህል ነው፤ በደህና የሚያሠራው ደግሞ 3 ኪሎ ዋት ገደማ ላይ ነው። ሞንታርቦውና ማይኩ ከዚህ በታች ይበላሉ። ድንገት ድምፁን የሚያጠፋው ከኋላ አንድ ሰው የሰካው 2 ሺህ ዋት የውሃ ማፍያ ነው። ለድምፁ የተለየ መስመር ዘርጉ፤ ትርፍ ሶኬት አትተዉበት። ጄነሬተሩ ከድንኳኑ ርቆ ነፋሱ ከሰዉ ወደሚወስድበት በኩል ይቁም፤ ነዳጅ የሚሞላውም ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ነው።

ከዚያ ሪፖርት። ፎቶ ከሥራው በፊት፣ በመሀሉና በኋላ ከአንድ ቦታ ይነሳ፤ የሚቆሙበት ላይ ድንጋይ አኑሩ። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ የሚታተመው በሙቀት በሚጠቁር ወረቀት ነው፣ ይደበዝዛል፤ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ከዋለማ ሙሉው ይጠቁራል። በተገዛበት ቀን ፎቶ ኮፒ ተደርጎ፣ ለምን እንደወጣ ጀርባው ላይ ተጽፎ፣ ዋናው ከኮፒው ጋር ይያያዝ። ታንከሩ ረክሶ ገንዘብ ቢተርፍ ለአጥር ከማዋላችሁ በፊት ለለጋሹ ደብዳቤ ጻፉና ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ያለፈቃድ ከሆነ አጥሩ ቢያምርም ገንዘቡን መልሱ ልትባሉ ትችላላችሁ።